መርዶዬን ሳይነግሩኝ ለተመለሱት ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ
የደቡብ ለንደን አይዞን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። የወገብዎ ነገር እንደተሻለዎት፣ የደም ግፊትዎም ወደ ልኩ እንደተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ሊፍቱ በተበላሸበት ሕንፃ ውስጥ አራት ፎቅ በእግርዎ ወጥተው፣ ከወጡበት በበለጠ ፍጥነት ደግሞ ወርደው ስለሄዱ፣ ጤናዎ ሲያሳስበኝ ከርሟል። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደ ወጉ በእድራችን የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ በለሆሳስ ላስቀምጠው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ከቡድኑ በክብር ስላስወጡኝ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ለማውጣት ተገድጃለሁ፤ ለዚህም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ክቡር ሊቀመንበራችን ከሃያ የማያንሱ የእድር አባላት አስከትለው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። የመጡት አዲስ አበባ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እህተማርያም ማረፏን ሊያረዱኝ ነበር። ሳይነግሩኝ ተመለሱ። ምክንያቱም በመሐሉ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አንድ ተክል ተገኘ።

ተክሉ ምን እንደነበር ከእናንተ አፍ ከሚሰማ ከእኔ ይሰማ፦ እናንተ ሐሺሽ የምትሉት ካናቢስ ነበር። የዚህ አገር ሕግ እንደሚከለክለው አውቃለሁ፣ ሳበቅለውም አውቅ ነበር። ሲጋራ እንኳ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ፓርክ ሮያል ውስጥ ሳንድዊች በሚታሸግበት አንድ ፋብሪካ፣ ከፍሪጅ በማይሻል ክፍል ውስጥ ቆሜ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ጣቶቼን ሌሊት ሌሊት እንደ ጥርስ ያመኛል፤ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ክኒን ደግሞ ጣቴን ትቶ ሆዴን ያዘ። ከበታቼ የሚኖሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ሚስተር ዊንስተን ሲያዝኑልኝ ቆይተው አንድ ቀን በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ፍሬ ዘር ሰጡኝ። አውቶፍላወር ይባላል፣ ለጀማሪ የሚሆን ነው፣ ብርሃንና ጨለማ እስኪቀያየርለት አይጠብቅም፣ ዕድሜው ሲደርስ በራሱ ያብባል አሉኝ።

ለጀማሪ የሚሆን መሆኑን እንጃ። ቅጠሉ ጠወለገ፤ ጠምቶት ነው ብዬ አጠጣሁት። ባሰበት፤ ጨመርኩለት። ሚስተር ዊንስተን መጥተው አፈሩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ዳርሊንግ፣ ይሄ እኮ ሩዝ አይደለም» አሉኝ። ይሙቀው ብዬ መብራቱን ባስጠጋለት ደግሞ ጫፍ ጫፉን ለበለብኩት። ሌላ ተክል ቢበደል ይታገሣል፣ እስኪያገግም ይቆያል፤ ይህኛው ግን በልጅነቱ ጎዳሁት ብለው ቢለምኑትም ቀኑን አያራዝምም፣ ድንክ እንደሆነ አበባውን ይጀምራል። የእኔም ከወጥ ጭልፋ ሳይረዝም ማበብ ጀመረ። እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው በደረጃ ያንደረደረው ይህ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የእህቴ ልጅ ሰሎሜ ወጉን ጠብቃ ለእኔ ሳይሆን ለእርስዎ ደወለች፤ አክስቴ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ አለችዎ። እርስዎም በሥራ ቀን መርዶ አይነገርም ብለው ቅዳሜን መረጡ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰርግ ነበረ፣ ሁለተኛው ክርስትና ነበረ፣ ሰው እንዳይጎድል ተብሎ ወደ ሦስተኛው ተዛወረ። በእነዚያ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሁላችሁም ከወትሮው ጠበቅ አድርጋችሁ ትስሙኝ ነበር፤ እኔም ዘንድሮ ሰው ወደደኝ እያልኩ ደስ ብሎኝ እገባለሁ። እህቴን ለማናገር ስደውል ሰሎሜ «ተኝታለች» ትለኛለች። እንቅልፍ ካበዛች ጉልበቷን አሟት ነው ብዬ ቅባት ገዛሁላት። ቅባቱን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አደርስልሻለሁ ብለው የተቀበሉኝ የእድራችን ጸሐፊ አቶ ደምመላሽ ናቸው። ለተቀበረች ሴት ጉልበት የተገዛ ቅባት ፊታቸው ሳይለወጥ ተቀብለው፣ «ታገግማለች፣ አታስቢ» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። እንዲህ ያለ ምሥጢር ጠባቂ ጸሐፊ ማን አለው? እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ የእህቴን ሞት ሦስት ሳምንት የቻለ አፍ የእኔን ተክል እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ መቻል አቃተው። ምሳ ሳንበላ ወሬው ከተማው ዳር ክሮይደን ደርሶ ነበር።

፪ኛ. ስለ ካፖርቶቹ። አገር ቤት ቢሆን ያን ያህል ሰው በማለዳ በሩ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ወዲያው መርዶ መሆኑ ይገባው ነበር። እኔ ግን በሩን ስከፍት ልቤ ቁም ሣጥኑ ጋ ነበረ። ሽታው ይወጣ ይሆን፣ መብራቱ በስንጥቁ ይታይ ይሆን ስል፣ ሁላችሁም ጥቁር መልበሳችሁን አላየሁም። ድስት መያዛችሁን አላየሁም። እርስዎ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጠው ጉሮሮዎን ሲጠራርጉ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኜን ሲጠጉኝ እንኳ አልነቃሁም። በዚህ መሐል የመስተንግዶ ኃላፊያችን ወይዘሮ ቲጂ፣ ካፖርቱ ሁሉ አልጋ ላይ ከሚከመር መስቀያ ልፈልግ ብለው መኝታ ቤቴ ገቡና ቁም ሣጥኑን ከፈቱት።

ጩኸታቸውን ይህ ሰፈር እስካሁን ያስታውሰዋል። እዚህ ላይ ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ከእኛ ሰው በቀር ማንም ሊሠራው የማይችል ስሕተት የተሠራው። ሳሎን የነበሩት እናቶች ከጓዳ እሪታ ሲሰሙ መርዶው የተነገረ መሰላቸው። ቲጂ አላስችል ብሏት አፈንድታዋለች ብለው እነሱም ደረታቸውን እየመቱ ተነሡ። ወይኔ፣ ወይኔ የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። እኔ ደግሞ፣ ምን አውቄ፣ የሚለቀሰው ለእኔ መሰለኝ። ሮማንወርቅ ጠፋች፣ ሮማንወርቅ በስተርጅና ሐሺሽ ጀመረች ብለው የሚያለቅሱልኝ መሰለኝ። በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን ዘርግቼ፣ «ኧረ በማርያም! ለአንድ ተክል እንዲህ አይለቀስም፣ ዛሬውኑ ነቅዬ እጥለዋለሁ» እያልኩ ለቀስተኞቹን አንድ በአንድ አባበልኩ። እኔ ነኝ ያጽናናኋቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም እንኳ፣ እርስዎም ጭምር፣ «ለእሱ አይደለም የምናለቅሰው» ያለኝ የለም።

፫ኛ. ስለ አመራርዎ። በዚያ ትርምስ ውስጥ ብድግ ብለው፣ «እዚህ ፖሊስ ቢመጣ ስንት ሰው አለ ሆም ኦፊስ ኬዙ ያላለቀ! በሉ እንውጣ፣ እንውጣ» አሉ። ይህን አልነቅፍም። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተቋጨ ሰው ስንት ዓመት እንደሚሰጋ እኔም አልፌበታለሁ፣ እነሱን ይዘው መውጣትዎ ተገቢ ነው። የእኔ ጥያቄ ትንሽ ናት። ከሚወጣው ሰው መሐል ወረቀቱ የተስተካከለ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘ፣ ለምሳሌ እንደ እርስዎ ያለ አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ሁለት ቃል መናገር አይችልም ነበር ወይ? ድስቶቹን ግን ማንም አልረሳም። አንዷ እናት ደረጃው ላይ ከደረሱ በኋላ ተመልሰው መጥተው ምስር ወጡን ወስደዋል። ለወጡ የተመለሰ እግር ለእኔ አልተመለሰም።

የረሱት አንድ ጥቁር ነጠላ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ማለዳ፣ ጥቁር፣ ድስት፣ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ። ማንን ልጠይቅ ብዬ ለሰሎሜ ደወልኩ። ገና «ሄሎ» ስላት፣ «አክስቴ፣ ነገሩሽ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እንዲህ አድርጌ መርዶዬን ራሴ ደውዬ ጠየቅሁ፣ ራሴ ተቀበልኩ።

እህተማርያም ለእኔ ምኔ እንደነበረች ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እናታችን ስትሞት ትምህርቷን ትታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ እዚህ አገር ስመጣ የአንገቷን ወርቅ ሸጣ የላከችኝ እሷ ናት። ያን ዕለት ግን አልጮኽኩላትም። ልጩህ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ እምቢ አለኝ። ደረቴን ልመታ እጄን አነሣሁ፣ መልሼ አወረድኩት። ሰው ደረቱን የሚመታው እጁን የሚይዝለት ሲኖር ነው፤ የሚይዝ በሌለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ራሱን የሚመታ ሰው ያስፈራል። ሚስተር ዊንስተን ሁካታውን ሰምተው መጡ፤ የሆነውን ስነግራቸው ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። መልካም ሰው ናቸው። በእኛ ቋንቋ ግን ማልቀስ አይችሉም፣ እሷን አያውቋትም፣ ስሟንም መጥራት አልቻሉም።

ተክሉን የዚያኑ ዕለት ነቅዬዋለሁ። ለጣቶቼ ይጠቅም እንደሆነ፣ አይጠቅም እንደሆነ ሳላውቀው ቀረሁ። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። እንደዚያ በውኃ አስምጬው፣ በመብራት አቃጥዬው፣ ቀኑ ሲደርስ ኮሚቴ ሳይሰበስብ ማድረግ ያለበትን አድርጓል።

፬ኛ. በሳምንቱ የደረሰኝ የእግድ ደብዳቤ በንጹሕ አማርኛ የተጻፈና ማኅተሙም ቀጥ ብሎ ያረፈ ስለነበር ደስ ብሎኛል። «የእድሩን መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል» ይላል። ይጠበቅ።

እንግዲህ ክቡር ሊቀመንበር፣ እግዱ ይነሣልኝ ብዬ አላመለክትም። ስሜ ከመዝገቡ ተፍቆ ይቅር፤ ነገ እኔም ስሞት የቀበሌው መኪና እንደ ማንኛውም የለንደን ብቸኛ አሮጊት ያንሣኝ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ማለዳ መጥታችሁ ንገሩኝ። ሁላችሁም ካልቻላችሁ ሦስት ሰው ይበቃኛል፤ አንድ የሚናገር፣ ሁለት የሚይዙኝ። እኔ የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ በሩን እከፍታለሁ፣ በጠዋት ምን እግር ጣላችሁ እላለሁ፣ ተቀመጡ እላለሁ። እያወቁ እንዳላወቁ መሆንን ከእናንተ በሚገባ ተምሬአለሁ፣ አላሳፍራችሁም። ከዚያ አንድ ሰው በአማርኛ፣ ስሟን ጠርቶ፣ እህትሽ እህተማርያም አርፋለች ይበለኝ። ወር ሙሉ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፣ ክቡር ሆይ። እባካችሁ አስለቅሱኝ።

ትዕግሥትዎ ከወትሮው እንዳይጎድል፣ ቤትዎን ሐዘን እንዳይደፍረው፣ ከደፈረውም ሁልጊዜ ሰው የማይጎድልበት ቅዳሜ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እርስዎን በመሰለ መሪ ለመታገድ ስለበቃሁ የሚሰማኝን ጥልቅ ክብር በትሕትና እገልጻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሮማንወርቅ መኩሪያ
የቀድሞ የእድሩ አባል፣ የአሁን ሐዘንተኛ
ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ ለንደን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሎሜ በደወለች ቁጥር፣ «አክስቴ፣ ሰው አለ አጠገብሽ?» ትለኛለች። ቤቱ ሞልቷል፣ መቀመጫ እንኳ ጠፍቷል፣ አቶ ሰይፈሥላሴ ከአጠገቤ አልተነሡም እያልኩ እነግራታለሁ። ድምፅ እንዲሰማት ሬዲዮ እከፍታለሁ። እሷም እርስዎን እየመረቀች ስልኩን ትዘጋለች። ምርቃቱን እስካሁን ስላላደረስኩልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።