ዘጠኙ «የለም»

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ተማሪዎችሽስ፣ ያ ነዝናዛ ርዕሰ መምህርሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ስኳሬም ደህና ነው፣ ግፊቴም ደህና ነው፤ ሦስታችንም ተቻችለን እየኖርን ነው።

ሞልተሽ የላክሽልኝ የጤና መድን ቅጽ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፍሽ እንደ ሁልጊዜው ያምራል። ስኳር፦ የለም። የደም ግፊት፦ የለም። ዘጠኝ ጥያቄ፣ ዘጠኝ «የለም»። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዳትቆጪኝ፣ ቀድጄ ጣልኩት።

እናታችን ጎረቤት እንዳያውቅባት ብላ ስኳሯን ደብቃ ኖረች። ለእኛ ለልጆቿ እንኳ ክኒኑን ቫይታሚን ነው ትለን ነበር። የእግሯን ቁስል ያየነው ከጠቆረ በኋላ ነው። እኔ ይህን ውርስ አልፈልግም፣ እታለም። በቃኝ!

ማክሰኞ የስፌት ሱቄን ዘግቼ ራሴ መድን ቢሮ ሄድኩ። ወኪሉ በሽታ እንዳለብኝ ሲጠይቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስኳርና ግፊት አልኩት። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! ሰርቄ አላመጣሁት።

ሦስት ዓይነት መድን እንዳለ ነገረኝ። ርካሹ ቀድሞ የነበረ በሽታን አይነካም፤ ጣቴን መርፌ ቢወጋኝ ያሳክመኛል፣ ስኳር ዓይኔን ቢያጠፋው ግን ዞር በይ ይለኛል። ውዱ ከአቅሜ በላይ ነው። መካከለኛው ስድስት ወር ያስጠብቅና ከዚያ የመድኃኒቱንም የዓይን ምርመራውንም ወጪ ይችላል። ደብቄ ብሞላስ ብዬ እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። የታመምኩ ዕለት የድሮ የሐኪም ቤት ካርዴን አስመጥተው ውሉን እንደሚሰርዙት ነገረኝ፣ ፈገግ እያለ። ያንቺ ዘጠኝ «የለም» ያን ዕለት አልጋ ላይ ጥሎኝ ይሄድ ነበር። መካከለኛውን ያዝኩ። ስድስት ወሩን መድኃኒቴን እየዋጥኩ፣ አንገቴን ሳልደፋ እጠብቃለሁ።

መካከለኛው አንድ የቤተሰብ አባል ያስገባል። ያንቺን ስም ጻፍኩ። የበሽታውን መስመር ግን ባዶ ትቼ ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሞልተሽ መልሺልኝ።

ባለፈው መጥተሽ ግራጫ ቀሚስሽን ከወገቡ ሳጠብብልሽ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የከሳሁት አልሽኝ። እሺ ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። አራት ጣት ሙሉ ነው የቀነስኩት። ስፌቱን እስክጨርስ የውሃውን ጆግ ጠጥተሽ እያጋባሽው ሁለት ጊዜ ሞልቼልሻለሁ። እታለም፣ ዓይኔ ገና ደህና ነው።

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ጤናውን ግን እስኪሰጥሽ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ።

ያንን ቀሚስ ሁለተኛ የማላጠብብልሽ፣
ታናሽ እህትሽ