ለቀልድ ያልከው ሽጉጥ

ሰን ቫሊ፣ ካሊፎርኒያ
ጥቅምት 1988 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህን ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጌ በር ትንቋቋለህ? እኔ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ከቀረጻው ቦታ ሳልሰናበትህ በመሄዴ እንደተቀየምክ ሰምቻለሁ። «ቬርናን ደግሞ ምን ነካት?» እያልክ ያገኘኸውን ሁሉ ስትጠይቅ ዋልክ አሉ። ምን እንደነካኝ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። በስልክ እንዳላደርገው አንተ ትስቃለህ፤ አንተ ስትስቅ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ማንም አይስቅብኝም።

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ ልናገርና ይውጣልኝ። ለሃያ ስድስት ዓመት ለፊልም ሠሪዎች ሽጉጥና ጠመንጃ ሳዘጋጅ ብዙ ገለባ አይቻለሁ፤ እንደዚህኛው ዓይነት ገለባ ግን አላየሁም። ሁለት ፖሊሶች ጠዋት ይጣላሉ፣ ማታ ይተቃቀፋሉ፤ በመካከሉ ግማሽ ከተማ ይቃጠላል፣ ሬሳ ይከመራል፣ በየሬሳው ላይ አንድ ቀልድ ይጣላል። ያ ከጥርስ በቀር ምንም የሌለው ዴክስ ሃሎራን በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አስራ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ቆጠርኩለትና ነገርኩት። «እማዬ፣ ተመልካች እኮ ሒሳብ ሊማር አይደለም የሚመጣው» አለኝና፣ ጀግና መሆኑ ነው፣ የአፈሙዙን ጭስ እፍ ሊል ወደ አፉ አስጠጋው። በባዶ ጥይትም ቢሆን የተተኮሰበት ብረት እንደሚግል በመጀመሪያው ቀን ነግሬው ነበር። ከንፈሩ ተለበለበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀረጻ ቆሞ፣ ሦስት ሰዎች ቅባት ይዘው ከበቡትና እንደ ሕፃን አባበሉት። አገር የሚያድነው ጀግና ይኸው ነው!

ከሁሉም ሰው የሚመስለኝ ያ ሁለተኛው፣ ቀልደኛው ሮላንድ ፔቲፎርድ ነው። ሽጉጥ በሰጠሁት ቁጥር ከፍቶ ያያል፤ አንድ በአንድ ጣቱን እየከተተ ይቆጥራል። «አያምኑኝም እንዴ?» ብዬ ብቀልድበት፣ «እርስዎንማ አምናለሁ፤ ሽጉጡን ነው የማላምነው» አለኝ።

ከዚያ አንተ መጣህ። ያመጣሁህም እኔው ነኝ፤ በማን አሳብባለሁ? ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ከውሻህ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለህ ሲሉኝ አንጀቴ አልችል ብሎ፣ ለዳይሬክተሩ ለሳንድሞየር «ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ነበር፤ ሌላው ቢቀር ካቴና እንዴት እንደሚገባ ያሳያችኋል» ብዬ ለመንኩልህ። በሁለተኛው ቀን ንጉሣቸው ሆንክ። ሃሎራን አረማመድህን ይቀዳል፤ ሳንድሞየር ወንበሩን ይለቅልሃል። አንተም አላሳፈርካቸውም፣ የጠየቁህንም ያልጠየቁህንም አወራህላቸው።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ያቺን ወሬህን አመጣሃት። ከምግብ መኪናው አጠገብ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ እኔ ከአንተ ሦስት ሰው አልፌ ተቀምጬ ነበር። የዛሬ አስራ አራት ዓመት በሳን ኢላሪዮ አንድ ጎሚስታ አሳደድኩ አልክ። ከመጋዘን ጀርባ ሲታጠፍ እጁ ላይ ሽጉጥ አየሁ፤ እኔም ቀደምኩት አልክ። «ጠጋ ብዬ ሽጉጡን ባነሳው፣ ጎማ! ሰውዬው ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ በጎማ ሞተ!» ሃሎራን ሳቁ በአፍንጫው ወጣ። ሳንድሞየር ጠረጴዛውን እየደበደበ ድገመው አለህ፤ ደገምክለት። በሁለተኛውማ ይባስ አሳመርከው፤ ከምላጩ ቀለበት ስር የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት እንደነበረችው ሳይቀር ጨመርክበት፣ «ይህን የመሰለ እንከን ያለው ሽጉጥ ይዞ ሊያስፈራራኝ!» ብለህ።

ያኔ ጋዜጦቹ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ብለው ነበር የጻፉት። ስለ ምስሯ ማንም አልጻፈም።

ያኔ ሮላንድ ሹካውን አስቀምጦ «ስሙ ማን ነበር?» አለህ። «የማን?» አልከው። «የሰውዬው» አለህ። «ወዳጄ፣ እኔ የራሴን ስልክ ቁጥር እንኳ አላስታውስም» አልክና ጠረጴዛው እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ሮላንድ ሳህኑን ይዞ ተነስቶ ሄደ። እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ፤ ድንቹን አኝኬ ዋጥኩ። ስሙን አውቀው ነበር። ኤውሴቢዮ ባራጋን ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ያኔ እናቱ በቴሌቪዥን ቀርበው «ልጄ ሽጉጥ ቀርቶ ውኃ የሚረጭ አሻንጉሊት እንኳ ኖሮት አያውቅም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ተነስቼ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት ለራሴም አልነገርኩትም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የናቅኩት አንተን ብቻ ነው ብለህ አታስብ።

ታስታውሳለህ? በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ ልጄ ዶሪን ስድስት ዓመት የሞላት ቀን፣ ጋራዤ ገብተህ ከመደርደሪያዬ ላይ አንድ የጎማ ሽጉጥ አነሳህ። «ይህቺን ስጪኝ፤ ጣቢያ ላሉት ጓደኞቼ ለቀልድ ትሆነኛለች» አልከኝ። ሥራዋ አላለቀም ነበር። ያ የጄሶ ቅርጼ አንድ የአየር ቀዳዳ አለበት፤ ከእሱ የሚወጣ ሽጉጥ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ያብጣል፤ ሁልጊዜ በትንሽ ቢላ ቆርጬ ነው የማስተካክለው። ቆይ ላስተካክላት ብልህ ቸኩያለሁ አልክ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁህ። ኬክም ቆርጬ ጨመርኩልህ። ልጁ የሞተው በጥቅምት ነው።

ሳንድሞየር ወሬህን በዚያው ማክሰኞ አስጽፎ ፊልሙ ውስጥ ከተተው። ረቡዕ ጠዋት መጥቶ «ቬርናዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ የወንድምሽን የጎማ ሽጉጥ ሥሪልን፤ ልክ እንዳወራው ይሁን» አለኝ። ያን የጄሶ ቅርጽ ከመደርደሪያው ጀርባ አወረድኩት፤ አቧራውን ጠርጌ ላስቲኩን አፈሰስኩበት። ሲደርቅ ፈልቅቄ አወጣሁት። ምስሯ በቦታዋ ነበረች። ቢላዋን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሳልቆርጥ ለቀረጻው ሰጠሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ግን እኔ ከቆምኩበት ሆኖ ምን እንደሚመስል አታውቅም።

ሟቹን የሚጫወተው ወጣት አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። ሽጉጡ የት ይውደቅ የሚል ክርክር ተነሳ። ሃሎራን ወረወረው፤ እንደ ኳስ ነጥሮ የመብራት ሠራተኛው እግር ስር ገባ። ሰዉ ሳቀ። አንተ «አይ፣ አይ፣ እንደሱ አይደለም፤ ወዲህ በሉት» አልክና ተቀበልክ። ከኋላ ኪስህ መሐረብ አወጣህ። ከሳንድሞየር ጋር ስለ ቤዝቦል እያወራህ፣ ሽጉጡን ሳታየው፣ እጀታውን ጠረግከው፤ ቀጥሎ አፈሙዙን፣ ቀጥሎ ምላጩን። በመሐረቡ እንደያዝከው ተንበረከክህ። የወጣቱን ጣቶች ዘርግተህ እጀታው ላይ አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረግካቸው። ከዚያ ለቀቅክና ሽጉጡን በአንድ ጣትህ አንድ ስንዝር ያህል ገፋ አደረግከው። «እዚህ ነው የሚሆነው፤ በጣም ከራቀ አያምኑም» አልክ።

ሳንድሞየር አጨበጨበ። «ይኼ ነው ባለሙያ ማለት! እንዲህ ያለውን ማን ይጽፈዋል?» አለ። ካሜራ ያዡ ለሙከራ እየቀረጸ ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞታል። ሃሎራን «አንዴ ድገምልኝ፣ እኔም ልልመደው» አለህ።

አንተ አልደገምክም። እጅህ ላይ ያለውን መሐረብ አየኸው። ከዚያ ቀና ብለህ ፈለግከኝ፤ አገኘኸኝ። ሮላንድም አንዴ አንተን አንዴ እኔን ያይ ነበር። መሐረቡን አጥፈህ ኪስህ ከተትክና ሳቅክ። ወንድሜ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ መጥፎ ተዋናይ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሳቅህ የከፋ ትወና ግን አላየሁም።

መሣሪያዎቼን ለረዳቴ አስረከብኩ። የጄሶውን ቅርጽ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪናዬ ውስጥ አስገባሁና ወደ ሳን ኢላሪዮ ነዳሁ። በስልክ ማውጫው ላይ ባራጋን አምፓሮ የሚል አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። የልጁ እናት ሴኞራ አምፓሮ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በሩ ላይ በቆርቆሮ የተከሉትን ቃሪያ ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። የፖሊሱ እህት ነኝ አልኳቸው። ማጠጫውን የሚወረውሩብኝ መስሎኝ ነበር። መሬት ላይ አስቀመጡትና «ይግቡ፤ ፀሐይ ላይ አይቁሙ» አሉኝ።

ቅርጹን ጠረጴዛቸው ላይ ከፍቼ ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ ከዚህ ውስጥ ምን እንደሚወጣ ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳልናገር ተነስተው ከቁም ሣጥን የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ያኔ ጠበቃው የሰጣቸውን የኤግዚቢት ፎቶ አወጡ፤ ሽጉጡ ከማስመሪያ አጠገብ ተቀምጧል። መነጽራቸውን አድርገው፣ እኔ ሳላሳያቸው፣ ጣታቸውን ከምላጩ ቀለበት ስር አሳረፉ። «ይህቺን ነው የሚሉኝ? አስራ አራት ዓመት ምን ትሆን እያልኩ አያታለሁ» አሉ።

ዘግይቼ መጣሁ አልኳቸው። «እኔ እንደሆን የትም አልሄድኩም» አሉኝ።

ከዚያ ባቄላና ቶርቲላ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ አቀረቡልኝ። በላሁ፤ እምቢ ለማለት ምን መብት አለኝ? በር ላይ ሲሸኙኝ «እናታችሁ በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ሞታለች አልኳቸው። «እንኳን አላዩ» አሉ። ለስድብ አልነበረም፤ ለእሷ አዝነው ነው።

ቅርጹ ከትናንት ጀምሮ ጠበቃቸው ዘንድ ነው። የሐምሌውን ቀን በቃሌ ተናግሬ ፈርሜያለሁ፤ ኬኩን ሳይቀር። ሮላንድ ደውሎልኝ ነበር፤ ያን ትዕይንት አልጫወትም ብሎ ተጣልቷቸዋል። ካሜራ ያዡንም ያን የሙከራ ቀረጻ እንዳይጥል አስምሎታል። ሃሎራን ግን ቀልዱ ተበላሸብኝ ብሎ አኩርፏል አሉ። ያኩርፍ።

ሰዎች መጥተው በርህን ያንኳኳሉ። ፊልም ሠሪዎች አይደሉም። ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ፤ ውሻውን ለጎረቤትህ ለወይዘሮ ክሌሚንስ አስረክብ፣ እሷ አታስርበውም። አታስቃቸው። የጠየቁህን ብቻ መልስ፤ እውነቱን መልስ። እኔ ይቅር ልልህ የምችለው ነገር አይደለም፤ የበደልከው እኔን አይደለምና። እግዚአብሔር ግን ለመናገር የሚበቃ ድፍረት ይስጥህ፤ ከዚያ ጥቅምት እስከ ዛሬው ጥቅምት የተሸከምከውንም ያውርድልህ።

የጠያቂ ቀን መቼ እንደሆነ ሲነግሩህ ጻፍልኝ። እመጣለሁ።

እህትህ