ጄኔሬተሩ ያቋረጠብን የሩሲያ ጭፈራ

ለአስካለ፣ ካለሽበት ይድረስ።

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። እንጨቴን እኔው እፈልጣለሁ፣ የጫማዬን ክር እኔው አስራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ያለ ከዘራ እደርሳለሁ። ይህንንም የምጽፈው እኔው ነኝ። ልጃችን አልማዝ ልጻፍልህ አባባ ብትለኝ እምቢ አልኳት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ካንቺ ጎን ተቀምጬ የለቀምኩት ፊደል ነው፤ ቢጣመምም የራሴ ነው።

አስካልዬ፣ የፊታችን እሑድ ሙት ዓመትሽ ነው። አልማዝ ለዚሁ ብላ ከአዳማ መጥታ ጓዳሽን ነጭ ቀለም ቀባችው። እኔ ግን ከሉን አላወለቅሁም። በአርባሽ ሽማግሌ መጣ፣ በመንፈቅሽም መጣ፣ መለስኳቸው። ጢሜ ደረቴ ደርሷል። ጎረቤታችን ሐጂ ቃሲም በአጥር ላይ ባየኝ ቁጥር ቄስ ሆንክ ወይስ ፍየል ይለኛል። የንስሐ አባታችን ደግሞ ልክ ያለፈ ሐዘን የሞተን ነፍስ ያውካል ብለው ነበር። አልሰማኋቸውም። ለምን እንደሆነ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ከሉን ከለበስኩ ጀምሮ በሕልሜ ትመጫለሽ። ካወለቅሁት የምትቀሪ ይመስለኛል።

አሁን ግን ፈራሁ። ያስፈራኝ ያ የሩሲያ ጭፈራ ነው።

ዲክሲስ የመንግሥት እርሻ ኮምባይነር ስነዳ፣ ሩሲያዎቹ መካኒኮች በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ያሳዩን ፊልም ትዝ ይልሻል? ጆንያ ላይ ተቀምጠን። ልጅቷ በእግር ጣቷ ጫፍ ቆማ ስትሽከረከር፣ ይቺስ መሬት አልነካትም አልሽ። ወንዱ በዚያ ገላው ላይ በተጣበቀ ሱሪ ሲዘል ነጠላሽን አፍሽ ላይ ይዘሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሰውዬው ልጅቷን ከዳት፤ አብዳ ሞተች። ወዲያው ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ፣ እኛም ተበተንን። ዕድሜሽን ሙሉ፣ ሽሮ እያማሰልሽ እንኳ፣ ያቺ ልጅ ግን ምን ሆነች ትይኝ ነበር። ሞተች አላየሽም እንዴ፣ አለቀ እልሽ ነበር።

አላለቀም ኖሯል። ይህን ለአልማዝ ባጫውታት ከስልኳ ፈልጋ ቴሌቪዥኑ ላይ አደረገችልኝ። ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ልጅቷ ከመቃብሯ ትነሣለች፣ ነጭ ለብሳ። ያ የከዳት ሰውዬ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ አበባ ይዞ ሊያለቅስላት መጥቷል። ሌሎች የሞቱ ሴቶች ከበው እስኪሞት ሊያስጨፍሩት ይነሣሉ። እሷ ግን ሲደክመው ትደግፈዋለች፣ በሱ ፈንታ ትጨፍራለች። ሊነጋ ሲል ደወል ተደወለ። እሷ ወደ መቃብሯ ገባች፣ እሱ ተረፈ።

አልማዝ እንዴት ያምራል አለች። እኔ የልጅቷን እግር ብቻ ነው ያየሁት። ሞታ እንኳ እግሯ አላረፈም።

አንቺም በሕልሜ ስትመጪ ቆመሽ ነው። አንድ ቀን ተቀምጠሽ አላየሁሽም። ተቀመጪ እልሻለሁ፣ አትቀመጪም። በዚህ በጥቁር ልብሴ ያቆምኩሽ እኔ እሆን? ፊልሙን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍን እታገለዋለሁ። ብትመጪ ድካምሽን እንዳላይ፣ ባትመጪ መቅረትሽን እንዳላውቅ።

ስለዚህ እሑድ ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ እኔው አወልቀዋለሁ። ጢሜንም እኔው እላጨዋለሁ፤ እጄ ቢንቀጠቀጥ ቀስ እላለሁ። አልማዝ ምላጩን ደብቃለች፣ የት እንዳለ አውቃለሁ። ለማርያም የተሳልሽው ጥላ አለ፣ እኔው አስገባለሁ። ለሐጂ ሚስት ቃል የገባሽላትን የጽጌረዳ ችግኝ እኔው እተክልላታለሁ። የቀረውን ዕዳችንን እዚህ አልዘረዝርም፤ ማንም ሳይነካብኝ እኔው እከፍለዋለሁ። ስምሽን በየቅዳሴው አስጠራለሁ። ከል ማውለቅ መርሳት እንዳይመስልሽ።

እሑድ ማታ በርጩማሽን ከአልጋዬ አጠገብ አኖረዋለሁ። ባትመጪም አርፈሻል እላለሁ። ከመጣሽ ግን ተቀመጪ።

ባልሽ