ስለ ባዶው ወንበርና ማቀዝቀዣ ውስጥ ስላለው የወንድሜ መቅኔ

ለተከበሩ የደም ካንሰር ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። ጤና ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በዚህ ዓመት ስለገባኝ ምኞቴ ለወግ ያህል አይደለም። እኔን አያውቁኝም። ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ቀን ተመላልሼ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ሲያልፉ ብድግ ብልልዎት «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» ብለውኛል፤ እኔም ታዛዥ ነኝና ይኸው እስከ ዛሬ ተቀምጫለሁ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ ስለዚህ መጻፍን መረጥኩ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ስህተት ቢያገኙ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ወንድም ጋሼ ልብስ ሰፊ ነው፤ እናቴንና እኔን ያኖረን በስፌት መኪናው ነው። የደም ካንሰር ከያዘው ሰባት ወሩ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራለትም። ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ቀርተዋል፤ የተሳሳተው ቢሰጠው ሰውነቱ ሌላውን የሚሞክርበት አቅም እንደማይኖረው ሐኪሙ ነግረውናል። የትኛው እንደሚበጀው መለየት የሚቻለው በእርስዎ ማዕከል ብቻ ነው ተባልን። ከዳሌው መቅኔ ተቀዳ፣ ቁጥር ተለጠፈበት፣ ማቀዝቀዣ ገባ። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ሳምንት ሆነው። ወንድም ጋሼ እንኳ «ደሜን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው እኔን ፀሐይ ላይ አሰጡኝ» እያለ ይቀልዳል፤ እናቴ ትስቃለች፣ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በሰሌዳው ላይ ስለለጠፉት የሥራ ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «የኮምፒውተር ስሌትንና የላብራቶሪ ሥራን አጣምሮ በደም ካንሰር ላይ የሚመራመር፣ ብዛት አንድ፣ ምዝገባው ለአሥር የሥራ ቀናት ብቻ» ይላል። ብዙ ጊዜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። የወንድሜን መቅኔ የሚመረምረው ይህ ያልተቀጠረው ሰው መሆኑን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ከእርሷ በቀር ማንም ምንም ስላልነገረኝ ሹመት ይገባታል።

፪ኛ. ማዕከሉን በሁለት ፎቅ መክፈልዎ ትልቅ ጥበብ ነው። ምድር ቤት ያሉት የላብራቶሪ ባለሙያ «እኔ ቀድቼ አቀዘቅዛለሁ፤ ማንበብ የላይኞቹ ነው» አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት የኮምፒውተር ባለሙያ ደግሞ «ቁጥሩን ካመጡልኝ አነባለሁ፤ ደም ሳይ ግን ያዞረኛል» አሉኝ። ሁለቱም በጣም ጨዋ ሰዎች ናቸው። በመካከላቸው ስልሳ ስምንት ደረጃ አለ፤ ከእኔ በቀር የሚወጣውና የሚወርደው ሰው አላየሁም። ወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው «የሚለካውና የሚሰፋው ካልተነጋገሩ እጅጌው አንገት ላይ ይወጣል» አለኝ። ስለ ልብስ መናገሩ ነው፤ እርስዎን ለመንካት አይደለም።

፫ኛ. ባለፈው ወር አንዲት አመልካች መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ኮምፒውተሯን ታፋዋ ላይ አድርጋለች፤ ጣቶቿ ከጓንት ብዛት ደርቀዋል። «ማንን ነው የምትጠብቂው፣ እህቴ?» ብትለኝ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ድምፄ ወጣልኝና ሁሉንም ነገርኳት። እሷም አስረዳችኝ፤ በወንድሜ ሴሎች ውስጥ በጣም ረጅም ጽሑፍ አለ፣ አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቷል፤ ላብራቶሪው ጽሑፉን ያወጣዋል፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸውን ቦታ ይፈልጋል፣ ከዚያ መድኃኒቶቹ እዚያው ሴሎቹ ላይ ይሞከራሉ። «ቢበዛ አምስት ቀን ነው» አለችኝ። ሁለቱንም ሥራ ስድስት ዓመት ሠርታዋለች።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የማመልከቻ ቅጽዎ ላይ ለሙያ የተተወው ሳጥን አንድ ነው። እሷ ሁለቱን ሙያ ጻፈችበት። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ «አንዱን ሰርዢ» ቢሏት «እትዬ፣ ማስታወቂያው ሁለቱንም ይፈልጋል እኮ» አለቻቸው። «ማስታወቂያው ይፈልጋል፤ ሳጥኑ ግን አይፈልግም» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ ሁለት ኮሚቴ ፊት ቀረበች። የላብራቶሪው ኮሚቴ የኮምፒውተር ሰው ናት አለ፤ የኮምፒውተሩ ኮሚቴ የላብራቶሪ ሰው ናት አለ። ሁለቱም አመሰገኗት፣ ሁለቱም ለሌላኛው እንደምትስማማ ጻፉላት፣ ማንም አልቀጠራትም። አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ሁለት እጅ ይዞ የመጣን ሰው አንዱን ቆርጠህ ግባ እንደሚባል ግን እዚህ ተማርኩ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛ ቁጥር ነበረኝ፤ ቅሬታ ስላልሆነ ግን ቁጥር አልሰጠሁትም።

እፈራለሁ። ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ሳይነቃ ክንዱ ላይ አዲስ የወጡትን ሰማያዊ ምልክቶች እቆጥራለሁ። አፍንጫው የደማበትን ትራስ እናቴ ሳታይ አጥባለሁ። ከሰዓት በኋላ ሲተኛ እስኪተነፍስ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ሐኪሙ ከሚመጣው ሳምንት ዓርብ በላይ መቆየት አንችልም ብለዋል፤ እስከዚያ ውጤት ካልመጣ ከሁለቱ አንዱን በግምት ይጀምራሉ። ወንድም ጋሼ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ዕጣውን አንቺ አውጪልኝ፤ ዕጣ የሚያወጣ ትንሽ ልጅ ነው» አለኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ እጄን ማየት አስፈርቶኛል።

አመልካቿ ስልክ ቁጥሯን ጽፋ ሰጥታኛለች። የምትኖረው ከማዕከሉ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ብትቀጠርም ባትቀጠርም ለአምስት ቀን መጥታ ልትሠራው ፈቃደኛ ናት፤ ያለ እርስዎ ፊርማ ግን ማቀዝቀዣው አይከፈትላትም። ቁጥሩን በዚህ ወረቀት ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ። ወረቀቱን ዛሬ ሰኞ ከማስታወቂያዎ ጎን እለጥፈዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ቢያነበው ለእርስዎም ይደርስዎታል ብዬ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት በእርስዎ መሥሪያ ቤት እንደማይሠራ ሙሉ እምነቴ ነው።

ለጊዜዎ፣ ለአግዳሚ ወንበሩ ምቾትና «ተቀመጪ» ስላሉኝ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣

በትእዛዝዎ መሠረት እስከ አሁን የተቀመጠችው፣
የልብስ ሰፊው ታናሽ እህት

ማሳሰቢያ፦ ማስታወቂያዎ ላይ ያለው የመዝጊያ ቀን አራት ጊዜ በእስክሪብቶ ተሰርዞ መራዘሙን አይቻለሁ፤ ስለ ትዕግሥትዎ እጅግ ተደንቄያለሁ። ትናንት የወንድሜን ካርድ አውጥቼ ሐኪሙ የጻፉትን ዓርብ ወደ መብራት ጠጋ አድርጌ አየሁት። ስርዝ ድልዝ የለውም።