ለካያክ የሚሆን ሱሪ

ሰኞ፣ ጥር 25

ጂንሱ እስካሁን አልደረቀም። ቅዳሜ ከላንጋኖ ሐይቅ ከተመለስን ጀምሮ ገመድ ላይ ነው። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግር ላይ ይጣበቃል። ለካያክ፣ ለዚያች ጠባብ ጀልባ፣ ጂንስ የሚለብስ ሞኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ማስታወሻዬ፣ ቻይኝ፤ ሳምንቱን ስለ ሱሪ ልነዘንዝሽ ነው።

እማዬ እግሬን አየችው። ከሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቼ በላይ ቀይ ቀለበት። ጮኸች። ልክ ናት። አልቢኖ ነኝ፤ ቆዳዬና ፀሐይ አይስማሙም። አምና ዶ/ሯ ከዚያው ከግራ እግሬ ክፉ ነገር ቆርጣ አውጥታለች። ክሬም ተቀብቼ ነበር፣ ረጅም ሱሪ ለብሼ ነበር። እንዴት እንደተቃጠልኩ አይገባኝም።

እማዬ ካያኩን ሽጡት ብላለች። ወንድሜ ናሆም ይቀዝፋል፣ እኔ አጠምዳለሁ፤ ያለኔ አይሄድም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ከሥራ በኋላ ሾላ ገበያ። ቀጭን፣ ቀላል፣ ፀሐይ የማያሳልፍ። ይኼው ነው የምፈልገው።

አንዱ ነጋዴ ነጭ የጥጥ ሱሪ አነሳልኝ። ነጭ ለሙቀት ነው አለ። ከውስጥ የስልኬን መብራት አበራሁበት፤ አምስቱም ጣቶቼ ታዩ። ነጋዴው እኔን ትቶ ስልኬን ገላመጠ። ጥቁር ቱታ ሞከርኩ፤ ብርሃን አያሳልፍም፣ ግን ላንጋኖ ላይ ቀቅሎ ያወጣኛል። በመጨረሻ ከሳልቫጅ ክምር ውስጥ አመድማ ሱሪ አገኘሁ። እንደ ነጠላ ቀላል። ምልክቱ ላይ የፀሐይ መከላከያ 50+ ይላል። በምራቄ አረጠብኩትና አበራሁበት፤ ጣት የለም። ወገቡ ሰፊ ነው፣ ይጠባል። ደስ አለኝ።

ታክሲ ተራ አንድ ረዳት ፈረንጅ! ብሎ ጠራኝ። እንደ ሁልጊዜው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንደ ሁልጊዜው።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ክሊኒክ። አዲሱን ሱሪ ለብሼ ሄድኩ፣ ለዶ/ሯ ላሳያት። አልጋው ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሱሪው ሽቅብ ሸሸ። ባዶ የቀረው ቦታና ቀዩ ቀለበት አንድ ናቸው! ሁለታችንም እግሬን አየን። ካያክ ላይ የምቀመጠው እንዲሁ ነው። ክሬሙን ደግሞ ውኃው ያጥበዋል።

መቃጠል ብቻ ነው አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እዚያው ቦታ ላይ ድጋሚ ተቃጥዬ ከመጣሁ ሐይቁን እርሺው አለች። ቀልድ አልነበረም።

ዓርብ፣ ጥር 29

ሾላ ተመለስኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ዓሣ እንደሚጎትት ሰው ወደፊት ወደኋላ እያልኩ ስንት ሱሪ ሞከርኩ። ሁሉም ይሸሻል። የወንዱም፣ ረጅሙም። ሰው ከበበኝ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? ብላ ውኃ ሰጠችኝ። አፍሬ ተነሳሁ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። እዚህ ሰፈርም፣ ሥራ ቦታም፣ ታክሲ ውስጥም ሁሉም ያየኛል፤ ውኃው ላይ የሚያየኝ የለም አልኳት። ናሆም እንኳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚቀዝፈው። ይህን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ወጥታ ሄደች።

ስትመለስ መርፌ በአፏ ይዛለች። በጀልባው እንደምትቀመጪው ተቀመጪ አለችኝ። አባቷ ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ሱሉልታ በፈረስ የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ኮርቻም ሱሪ ሽቅብ ይሰዳል አለች። ለዚህ ነው የፈረሰኛ ሱሪ ከላይ ሰፍቶ ባቱ ላይ የሚጠበው። አመድማውን ከወገቡ ተርትራ በተረፈው ጨርቅ እስከ ተረከዜ አስረዘመችው፤ ባቱን አጥብባ ቁልፍ ተከለችበት።

ግን ሳታስምለኝ አልለቀቀችኝም። ቀለበት ይዤ ብመለስ ካያኩ ይሸጣል። ማልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30፣ ከቀኑ 7፡00፣ ላንጋኖ፣ ከግራሩ ሥር

ማስታወሻዬ፣ ሱሪው ግሩም ነው! ሲረጥብ ቶሎ ይደርቃል። ንፋስ ይገባል። ሽቅብ ንቅንቅ የለም። እስከ ረፋድ ሦስት ቆሮሶ ዓሣ ያዝኩ።

ከዚያ አምባዛ መንጠቆዬን ያዘ። ትልቅ። እግሬን ወጥሬ ስጎትት የግራው ቁልፎች ተፈናጠሩ፣ አንዱ ውኃ ገባ። ዓሣውን አወጣነው። ናሆም ይጨፍራል። እኔ እግሬን አያለሁ። ሱሪው ሸሽቷል፣ ፀሐይዋ እዚያው ቦታ ላይ ናት።

ናሆም ፎጣ ጣለበት። ወደቀ። አሰረው። ተፈታ። ዓሣው እንዲህ ሲበላ አይተን አናውቅም፤ አንድ ሰዓት ብቻ እንቆይ አለኝ። እኔም በልቤ አንድ ሰዓት ምን ታደርጋለች ብዬ ነበር፣ እውነቱን ልጻፍ። ከዚያ ወደ ዳር መልሰኝ አልኩት። አኩርፎ ቀዘፈ። አሁን ከዛፉ ማዶ ብቻውን ዳርቻ ላይ ቆሞ መንጠቆ ይወረውራል። ንድድ ብሎኛል፤ በእሱ አይደለም፣ በቆዳዬ።

እሑድ፣ የካቲት 1

እማዬ ከቅዳሴ እንደተመለሰች ነጠላዋን ሳታወልቅ አሳዪኝ አለች። መስኮቱ ጋ ወሰደችኝ። ተንበረከከች። መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ በጣቷ ጫን አለችው። ቀለበት የለም። ነጭ ነው፤ የራሴ ነጭ።

ስለ ቁልፎቹ ነገርኳት። በዚያ ዓሣ መሃል ትቼ መውጣቴንም። ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እግሬን እንደያዘች፣ ቁልፍ የሷ ስህተት ነው፣ ማሰሪያ ይሻለዋል አለች።

ከምሳ በኋላ እየሰፋች ጠየቀችኝ። ላንጋኖ ዳር ጥላ አለ ወይ? ካለ እሷም ትመጣለች። ተቀምጣ ታየኛለች፣ ፀሐይዋ ስትከር ትጠራኛለች።

ውኃው የኔ ነበር። ማንም የማያየኝ ቦታ ሌላ የለኝም፣ ይህንንም ዓርብ ዕለት ነግሬያታለሁ፤ ሰምታ ነው የጠየቀችኝ። ቀና አላለችም፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ግራር አለ አልኳት። ትልቅ ነው፣ ወንበር እንይዝልሻለን።