ለአባዬ የገዛሁት መነጽር

ይድረስ ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ስትደውል ከባድ ዕቃ ማንሳት ትቻለሁ ብለኸን ነበር። እውነትህን ከሆነ እሰየው፤ እኛን ለማጽናናት ከሆነም አልፈርድብህም፣ እኛም ስንዋሽህ ነው የከረምነው። ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ እመቤትስ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ነው የምትገዛችሁ? የምትኖሩበት ቤት ያንጠባጥባል ያልከው ጣራ ተሠራላችሁ?

እኛን ካልክ፣ አለን። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ሥራ እንሄዳለን። ከዚህ አልፌ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ደክሞኛል። ፋብሪካው ጋዝ ካመለጠው በኋላ ሦስት ጊዜ ደውለህ ሦስቴም ደህና ነን ብለንሃል። በስልክ የማናግርህ ሁልጊዜ እማዬ ፊት ነው፣ አንድ ቃል ባመለጠኝ ቁጥር ክንዴን ትቆነጥጠኝ ነበር። ዛሬ ግን እሷው ራሷ ወረቀትና ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። አፏ ወንፊት ነው ስትሉኝ ኖራችሁ የለ? እስቲ ዛሬ ወንፊቱ ሥራውን ይሥራ።

ነገሩ የሆነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ጉም መንደሩ ላይ በተኛበት፣ ነፋስ የሚባል ባልነበረበት ቀን። የፋብሪካው አንዱ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላልቶ ክሎሪኑ መውጣት ጀመረ። ክሎሪን ከባድ ነው፣ እንደ ጭስ ሽቅብ አይሄድም፤ ታች ታቹን ይዞ ወደ እኛ ሰፈር ወረደ። እኔ ላውንደሪ ሥራ ላይ ነበርኩ። እንደምታውቀው ቀኑን ሙሉ እጃችን በረኪና ውስጥ ነው፤ ሲሸተን የራሳችን እጅ መስሎን አንሶላ ማጠፋችንን ቀጠልን። አንዷ ዛሬ በረኪናውን ማን አበዛው ብላ ተቆጣች፣ እርስ በርስ እየተጠቋቆምን ሳቅን። ጉሮሯችን የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። አለቃችን እርጥብ አንሶላ ፊታችን ላይ ጠቅልላ ወደ ጣራው ባታወጣን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር።

ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ። የጥጉ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃው ፊት፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ተገኘች፤ ክሩ እንኳ ከመርፌው አልወጣም ነበር። ለመንገድ የለበስከውን ሱሪ ያሳጠረችልህ እሷ አይደለችም? እማዬ ደረቷ ተጎድቶ ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛች፣ እስካሁንም በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። በስልክ ትንሽ ጉንፋን ይዟታል ያልንህ ይኸው ነው።

የሚያመልጥ ጋዝ በአፍንጫው አሽትቶ ደወል መሳብ ሥራው የሆነው አባዬ፣ ያን ቀን ደወሉን የሳበው ዘግይቶ ነው፣ ጋዙ በዓይን ከታየ በኋላ። ከዚያ ግን ከፋብሪካው ወጥቶ በየበሩ እየደበደበ፣ ስንቱን በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱ ላይ አወጣው። በዚያ ዕድሜው እንዴት እንደቻለው እንጃ። ከማግስቱ ጀምሮ ቤታችን ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ በአሽታችነቱ ባወጡለት ስም እየጠሩ፣ ጋሽ አፍንጫ ባይኖሩ አልቀን ነበር ይላሉ። የልብስ ሰፊዋ እናት ልጃቸውን በሕይወት ባያገኟትም ተሸክሞ ያወጣላቸው እሱ ነውና በየቀኑ በጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ይዘውለት ይመጡ ነበር። አባዬ ማንኪያውን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል። ሐዘን ነው ብለን ተውነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ? እማዬ ሐኪም ቤት በተኛች በአሥረኛው ቀን ከሥራ ስመለስ የወጥ ቤቱን በር ስከፍት የቡታጋዝ ሽታ መልሶ ሊጥለኝ ደረሰ። ማብሪያው በትንሹ ተከፍቶ ቀርቷል። አባዬ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሲጋራ በከንፈሩ ይዞ፣ ክብሪት ሊጭር ነው። እጁን መታሁት። አባቴን መትቼ አላውቅም፣ ታውቃለህ። ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ጋዙን ዘጋሁ፣ ከዚያ ዞሬ አየሁት። ያ ሁሉ ዓመት መገጣጠሚያ እያሸተተ የኖረ ሰው ምን ሆነሽ ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ወደ ቡታጋዙ ስጠቁመው ገባው።

«አይሸተኝም» አለኝ። «ካልሸተተኝ ስምንት ዓመቴ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። አንተ የምታውቀውን ነው የምነግርህ፣ ግን እኔ እንዴት እንደሰማሁት እንድታውቅ እጽፈዋለሁ። ክሎሪኑ ራሱ ነው ቀስ በቀስ አፍንጫውን የገደለው። ፋብሪካው ደግሞ በየዓመቱ አሽታቾቹን ይፈትናል፤ ዓይናቸውን በጨርቅ አስሮ አምስት ትንንሽ ጠርሙስ በተራ ያስጠጋቸዋል፣ እነሱም ምን እንደሆነ ይናገራሉ። አንተ ያን ጊዜ የፋብሪካው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርክ። ተራውን አምጥተህ በጣቶቹ አስጠናኸው፤ አውራ ጣት ላምባ፣ ሌባ ጣት ኮምጣጤ፣ መሐል ጣት ንጹሕ ውኃ፣ የቀለበት ጣት በረኪና፣ ትንሿ ጣት ሽንኩርት። አንተ ከሄድክም ወዲህ ተራው አንድ ዓመት እንኳ አልተለወጠም። እማዬም ታውቅ ኖሯል። ወተቱ መበላሸቱን ቀድማ የምትናገረው፣ ሸሚዙን ከላዩ ላይ ገፍፋ የምታጥበው ለካ ለዚህ ነው፤ እኔ የጽዳት ዛር ያለባት ነበር የሚመስለኝ። ከቤቱ ሰው የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለምን ስለው፣ አንቺ ትናገሪያለሽ ብለን ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ እናገር ነበር።

ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጋዝ ሲወጣ በምን ታውቅ ነበር አልኩት። በዓይኔ አለኝ። ጋዝ ሲያመልጥ ዓይኑን ያቃጥለዋል፣ እንባው ይመጣል፣ ያኔ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ያጠብቃል። ጥቂቱን አያውቀውም፣ በርከት ሲል ግን ዓይኑ አሳልፎ አያውቅም ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ያኔ ነው ቀና ብዬ በሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር ያየሁት። ከአደጋው ሦስት ሳምንት በፊት ነው የገዛሁለት። ዓይኑ ሁልጊዜ ቀልቶ፣ አብጦ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ላውንደሪው ደመወዝ ሲጨምርልኝ ዙሪያው ጎማ የሆነ፣ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የሥራ መነጽር ገዛሁ። አንዲት ቅንጣት አቧራ አያስገባም ብሎኝ ነበር ሻጩ፣ አልዋሸም። አባዬ ልጄ የገዛችልኝ ነው እያለ ለፈረቃ ጓደኞቹ ሲያሳይ ሰነበተ። አላደርግም ቢለኝ ምክንያቱን መናገር ነበረበት፣ ምክንያቱ ደግሞ ምስጢራችሁ ነው። ስለዚህ አደረገው። ያን ጠዋት በዚያ መገጣጠሚያ አጠገብ ሁለት ጊዜ አልፏል፣ ዓይኑ ደረቅ ነበር።

በመነጽሩ ምክንያት ነው አላለኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ ተንበርክኮ ክብሪቱን ከወለሉ መልቀም ጀመረ። ብትነግሩኝ ኖሮ አልገዛም ነበር። ይህችን አንዲት ነገር ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደጋገምኳት አትጠይቀኝ። በእማዬ ተናድጃለሁ፣ ባንተ ደግሞ ይበልጥ ተናድጃለሁ፤ ይህን ስጽፍልህም አልበረደልኝም። ደብድቤህ ቢወጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ባሕር አለ መሐላችን።

ቀጥሎ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ፋብሪካው የአብዬን ወደ እምዬ ለማላከክ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የጠርሙሱን ፈተና ወረቀት አውጥቶ፣ የአሽታቹ አፍንጫ ጤነኛ ነው፣ አምስቱንም በትክክል መልሷል፣ እንግዲያው ያን ቀን ተኝቶ ነበር ማለት ነው አለ። ሰዉ ቤታችን መምጣቱን ተወ። እማዬ ሆድ ይፍጀው፣ ተኝቼ ነበር በል፣ ቤቱም የፋብሪካው ነው፣ እውነቱን ከተናገርክ ያስወጡናል ብላ ለመነችው። አባዬ ግን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ አልተኛሁም፣ ስምንት ዓመት ሽታ የሚባል ነገር አላውቅም አለ። የፋብሪካው ጠበቃ ወዲያው ዞረና፣ እንግዲያው ድርጅቱን ሲያታልል የኖረ ሰው ነው፣ የጠርሙሱን ተራ ማን ሰጠው ብሎ ጠየቀ። አባዬ ማንም አልሰጠኝም፣ ብቻዬን ነው አለ። አራት ጊዜ ተጠየቀ፣ አራት ጊዜም ብቻዬን አለ። የፈረቃ ጓደኞቹ ስለ መነጽሩ ተናግረው ኖሮ ለማስረጃ አምጣው ሲሉት ደግሞ፣ እሱ የልጄ ስጦታ ነው፣ ከጥፋቱ ውስጥ የለበትም ብሎ እንቢ አለ። እኔ ከኋላ ተነሥቼ አለበት አልኩ። ከቤት አምጥቼ በገዛ እጄ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ የልብስ ሰፊዋ እናት መጡ፣ ሳህን አልያዙም። ትናንት አዳራሹ ውስጥ የተናገርከው እውነት ነው ወይ አሉት፣ አዎ አላቸው። ብቻህን ነው ያደረግኸው አሉት፣ አዎ አላቸው። «ልጄን ተሸክመህ አውጥተህልኛል። አሁን ደግሞ የሰው ጥፋት ተሸክመህ እውነቱን ትቀብርብኛለህ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም።

ወንድም ጋሼ፣ አባዬ ማንን እንደተሸከመ እኔና አንተ እናውቃለን። አንዱ አንተ ነህ። ሌላው የጠርሙሱን ተራ ለአንተ የሰጠህ፣ ያኔ የፈረቃ ኃላፊ የነበረው ሰው ነው። አባዬ ያ ሰው እስከ ጡረታዬ እንድሠራ አዝኖልኝ ነው፣ ያጎረሰኝን እጅ አልነክስም ይላል። እማዬ ይህን ስትሰማ ቱግ አለች። በየቃሉ እየሳለች፣ ደወል በተደወለ ቁጥር ፋብሪካው ግማሽ ቀን ይቆም አልነበር ወይ አለችው፤ ዱሮ በዓመት አራት ጊዜ የሚደወለው ደወል አፍንጫህ ከሞተ ወዲህ በስምንት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ተደወለ፤ እሱ በዚህ ነው ከፈረቃ ኃላፊ ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጅ የወጣው፤ የማይሸተው አሽታች እንዳንተ ያለ ከየት ያገኛል አለችው። ስምንት ዓመት እንደ ውለታ ሲቆጥረው የኖረውን ነገር አፈረሰችበት፣ ፊቱን ላየው አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት በአባዬ ቦታ አዲስ አሽታች ቀጠሩ። ባለቤቱ ከእኔ ጋር ላውንደሪ ትሠራለች። ፈተናውን እንዴት አለፈ ብዬ ብጠይቃት፣ ምን ይከብዳል፣ አስቀድሞ ነግረውት የለ እንዴ፣ መጀመሪያ ላምባ ነው አለችኝ።

የምለምንህ እንግዲህ ይህን ነው። ኃላፊው ከአንተ በቀር ለማንም አልተናገረም፤ አባዬ የሰማው ካንተ ነው፣ እኛ የሰማነው ከአባዬ ነው። ተራውን የት፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደሰጠህ በራስህ እጅ ጻፍልን፣ ፈርምበትም። ጽሕፈትህ የዶሮ ጭረት መሆኑን አውቃለሁ፣ በእርጋታ ጻፈው፣ ኮሚቴው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚቀመጠው። ለመሄድህ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልህ እሱ መሆኑን፣ የምትሠራበትም የዘመዱ ድርጅት መሆኑን አልረሳሁም። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፣ ልጅ አለህ። ብትጽፍም አባዬ ነፃ ይወጣል አልልህም፤ ቤቱንም የምንለቅ ይመስለኛል፣ እማዬ ዕቃ መቋጠር ጀምራለች። ካልጻፍክ ግን የሠላሳ አንድ ሰው ሞት በአንድ ሽማግሌ አፍንጫ ተሳብቦ ይዘጋል፣ ያ አዲሱም ሰው አሸተትኩ እያለ ይዞራል። እኔ የድርሻዬን ጠረጴዛው ላይ አኑሬያለሁ፣ አንተም የድርሻህን አኑር። አልጽፍም ካልክም እንቢ ብለህ ጻፍልኝ፣ ዝም ብቻ አትበለኝ፣ ዝምታ አልችልም።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እሷም ታንብበው፣ እንደ እኔ የሚደበቅባት ሰው አትሁን። ትንሿን እመቤት ሁለት ጉንጯን በእኔ ስም ሳም። እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ ጣራው እስኪሠራ ልጅቷን ከሚያንጠባጥበው በታች አታስተኟት ብላለች። የላውንደሪ አለቃዬ ያንን ረዥም ወንድምሽን ሰላም በይልኝ ብላለች። የልብስ ሰፊዋ እናት ድሮ ስጽፍ ሁሉ ሳሚልኝ ይሉ ነበር፣ ዘንድሮ አልጠየቅኳቸውም።

ከአባዬ ሰላምታ የለኝም። መጻፌን አያውቅም፤ እንዳትጽፊለት፣ ልጄን አትንኪብኝ ብሎኛል። ግን ከሰሞኑ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ኮቱን ደርቦ ይወጣና ፖስተኛው አልፎ እስኪሄድ ድረስ የውጭው በር ላይ ይቆማል። ማንን ነው የምትጠብቀው ስለው ማንንም አልጠብቅም አለኝ።

ታናሽ እህትህ

ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ ገና ካልለቀቅነው ቤታችን
ኅዳር 11 ቀን