ያለጊዜው የታረደው በግ

ውድ ጋሼ ባየው፣

ስልክዎን ከዘጉብኝ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ ወደ ጣርማ በር በሚወጣ ሚኒባስ ለባለቤትዎ ለእትዬ በሰለች ልኬያለሁ። «መነጽሬ ጠፋ» ቢሉም አያመልጡም፤ እሳቸው ጮክ ብለው ያነቡልዎታል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከአንገትዎ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። በላቦራቶሪ ሙያ ከተመረቅሁ ገና አራት ወሬ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሳይ እጄን ይበላኛል። የንፍፊት ካንሰር፣ ሊምፎማ የሚሉት መሆኑን ያኔውኑ ሰምተዋል። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው፤ ዝግተኛ አለ፣ ችኩል አለ፣ መልካቸውም እንደ መንታ ነው። ሐኪሙ ዶክተር ፍሥሐ ናሙናውን አይተው ውጤቱ ላይ ሳይፈርሙ ሮጬ ደወልኩ፤ «ጋሼ፣ ዝግተኛው ነው!» እርስዎም ደስ ብሎዎት በግ አረዱ።

ዶክተር ፍሥሐ መጥተው አዩና «ምሥራቅ፣ እያየሽ ነበር ወይስ እየተመኘሽ?» አሉኝ።

እየተመኘሁ ነበር፣ ጋሼ።

ንፍፊቱ በሙሉ ወጥቶ ይታይ ሲባል መልሼ ደወልኩ። «በቀደም በግ አሳረድሽኝ፤ ዛሬ ዓይነቱን አላወቅነውም ትያለሽ? እንግዲያው በጌን መልሺ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። አሁን አንገትዎን በፎጣ ጠቅልለው «ጉንፋን ነው» ይላሉ አሉ።

ትዝ ይልዎታል? ልጅ ሆኜ ገበያ ይዘውኝ ወጥተው፣ አንድ ሰውዬ በጉን ጆንያ ውስጥ ከቶ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ሊሸጥልዎት መጣ። «ወንድሜ፣ እኔ ጭንቅላት አልገዛም! አውጣውና ላቱን ልዳብስ፤ ከሌሎቹ ጋር ሲቆም ልየው» ብለው ገበያተኛውን አሳቁበት።

መርፌው ያመጣልን ያንን ጭንቅላት ነው። ሴሎቹ ጎን ለጎን እንዴት እንደቆሙ ለማየት ንፍፊቱ በሙሉ ያስፈልገናል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ተልኮ በልዩ ቀለም ይመረመራል። የዝግተኛውና የችኩሉ ሕክምና አንድ አይደለም። ችኩሉ ከሆነ ደግሞ የእርስዎን ኩርፊያ ቆሞ አይጠብቅም።

ንፍፊቱ እንዲወጣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ። እርስዎ እንደፈሩ አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቻለሁ። የአሁኑን ውጤት የሚነግሩዎት ዶክተር ፍሥሐ ናቸው፣ ያውም ፈርመው። እኔ ጎንዎ ተቀምጬ አብሬዎት እሰማለሁ።

እስከዚያው ግቢዎ ውስጥ ያለ በግ ሁሉ በሰላም ይሰንብት።

አፏን የዘጋችው የወንድምዎ ልጅ፣
ምሥራቅ
ደብረ ብርሃን